አባ ጎርጎርዮስ በወዳጃቸው አገር

ሰው በተወለደበት አገር ሲኖር ክብሩን የሚያውቁለት ብዙዎች ናቸው። የአባቱ ስም፣ የተማረበት ጉባኤ፣ ያገለገለበት ደብር ሁሉ ሳይጠየቁ ይመሰክሩለታል። ወደ ሰው አገር በሄደ ጊዜ ግን እነዚህ ምስክሮች ከወንዝ ወዲያ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ማንነቱን የሚያስረዳው በራሱ አንደበት ብቻ ነው፤ የሚያምነው ቢያገኝ መልካም፣ ባያገኝ ግን ሊቁም እንደ መሀይም፣ ባለ ርስቱም እንደ ለማኝ ይቈጠራል። ስለዚህ ክብርና ኀፍረት በሰው ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው፣ ሃይማኖትም ከሁለቱ በላይ ሆና ትቆም እንደ ሆነ የሚታወቀው በእንግድነት አገር ነው። ይህን ነገር በአንድ የአገራችን ካህን ሕይወት ለመመልከት እንወዳለን። እርሳቸውም በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከሮም ተነሥተው፣ የበረዶውን ተራራ ተሻግረው፣ ወዳጃቸውን ለመጐብኘት እስከ ጀርመን አገር የደረሱት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው ናቸው፤ አገራቸውም መካነ ሥላሴ ነው። የዚህን ስም ትርጉም ለካህናት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ታሪኩን ግን ማስታወስ ይገባል። መካነ ሥላሴ ነገሥታቱ በወርቅና በዕንቍ ያስጌጡት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው። በ1531 ዓ.ም. የግራኝ ጭፍሮች በደረሱ ጊዜ ወርቁ ተዘረፈ፣ ሕንፃውም በእሳት ጠፋ። የእስላሞቹ ታሪክ ጸሐፊ እንኳ የሕንፃውን ውበት ሳያደንቅ አላለፈም። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚህ ጥፋት በኋላ፣ 17ኛው ምዕተ ዓመት ሊጀምር በተቃረበበት ወራት ገደማ ነው። እንግዲህ ያደጉት የቀድሞው ክብር በሽማግሎች አፍ በሚነገርበት፣ ፍራሹም በዓይን በሚታይበት አገር ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የአገሪቱ ልብ በሃይማኖት ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መነኮሳት ትምህርት ተስበው በ1622 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ በ1626 ዓ.ም. ደግሞ ከሮም የተላከውን ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝን በደንቀዝ ተቀብለው ለሮም ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ይህ ፓትርያርክ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበረ። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደ ገና እንዲሾሙ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ አዘዘ። አባቶቻችን ያን ያህል ዘመን ያከበሩት ክህነትና ጥምቀት እንደ ከንቱ ነገር ተቈጠረ። ሕዝቡን ከሁሉ ይልቅ ያስቈጣው፣ እንደሚመስለኝ፣ የትምህርቱ ልዩነት ብቻ ሳይሆን ይህ ማዋረድ ነው፤ ገበሬው የሊቃውንቱን ክርክር ሁሉ ባይከታተል፣ የአባቱ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ሲሉት ግን ምን እንደ ተባለ ያውቃልና።

ፍጻሜውን ሁሉም ያውቀዋል። በሰኔ 1632 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ የወደቁት ብዙ ሺህ ሰዎች አረማውያን አልነበሩም፣ የገዛ አገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ እንጂ። ልጃቸው ፋሲለደስ ይህን ባሳሰቧቸው ጊዜ የንጉሡ ልብ ተሰበረ፤ ሕዝቡም ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ዐፄ ፋሲለደስም በነገሡ ጊዜ ኢየሱሳውያኑን በ1634 ዓ.ም. ገደማ ከአገር አስወጡ። ከእነርሱ ጋር ወዳጅነት የነበራቸው ኢትዮጵያውያንም አብረው ተሰደዱ። አባ ጎርጎርዮስ ከነዚህ አንዱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ መጽሔቱን ሊያጥፍ ይችል ይሆናል። ከአባቶቻቸው ሃይማኖት ወደ ሮም ያዘነበሉትን ሰው ታሪክ በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። እኛ ግን በዚህ ሰው ላይ ፈራጆች ሆነን አልተቀመጥንም፤ የሄዱበት መንገድ የአባቶቻችን መንገድ አለመሆኑን ደብቀንም አንጽፍም። በሰው አገር ሆነው ስለ እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ምን መሰከሩ የሚለው ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው።

በሮም ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መንገደኞችና መነኮሳት ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። ግእዝ በማተሚያ ፊደል መጀመሪያ የታየው በዚህች ስፍራ አካባቢ በኖሩ አባቶች ድካም ነው፤ በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊት፣ በ1548 ዓ.ም. ደግሞ በአባ ተስፋ ጽዮን አዘጋጅነት ሐዲስ ኪዳን ታትሞ ወጣ። አባ ጎርጎርዮስም መጠጊያ ያገኙት እዚሁ ነው። የሚበሉት የሮም ጳጳስ ለስደተኞች የሚሰጠውን ድርጎ ነበር። በአገሩ ሊቅ ተብሎ የኖረ ሰው በሽምግልናው ዋዜማ የሰው እጅ ሲያይ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። የሚሰጠው እጅ ደግ በሆነ መጠን ሸክሙ የሚቀል ይመስላል እንጂ አይቀልም።

በ1649 ዓ.ም. አንድ የ25 ዓመት ጐልማሳ ወደዚህ ቤት መጣ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ኢዮብ ማለት ነው። የኤርፉርት ከተማ ሰው ሲሆን፣ ወደ ሮም የመጣው ስለ ስዊድን መንግሥት የጥንት ጽሑፎችን ለመፈለግ ነበር። ነገር ግን ገና በተማሪነቱ ጊዜ ያለ መምህር፣ በታተመው መዝሙረ ዳዊትና ባገኛቸው ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ግእዝን ሲያጠና ኖሯልና፣ ኢትዮጵያውያን በሮም መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ፈጥኖ ሄደ። በቤቱም አራት ሆነው አገኛቸው። ግእዝን ለመማር እንደሚፈልግ ቢነግራቸው፣ ይህ ቋንቋ ከኢትዮጵያ ውጭ ሊማሩት የማይቻል ታላቅና ሰፊ ነገር ነው ብለው መለሱለት። እርሱ ግን የማንበብ ልማድ እንዳለው ገልጦ መጽሐፍ እንዲያመጡለት ለመነ። ባነበበም ጊዜ ከመደነቅ ጋር ሣቁበት፤ የሚያነበው ምን እንደ ሆነ መለየት አልቻሉምና።

በንባብ ቤት ያደገ ካህን ይህን ሣቅ ያለ አስረጂ ያውቀዋል። ፊደሉን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ለይቶ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከመምህር አፍ ካልተቀበሉት በቀር ብራናው አይናገርም። ስንት ተማሪ በአንድ ቃል ላይ ወድቆ በጓደኞቹ ፊት አፍሯል! ያ ጀርመናዊ ግን ያፈረ አይመስልም። በሣቁበት ጊዜ ኰርቶ መጽሐፉን አልዘጋም፤ እንዲያርሙት ለመናቸው እንጂ። ሊቅ የመሆን መጀመሪያው ይህ ይመስለኛል፤ በአገሩ የሕግ ምሁር የሆነ ሰው በስደተኞች ፊት እንደ ፊደል ቈጣሪ ሕፃን ለመቀመጥ አላፈረም። አባ ጎርጎርዮስም በበኩላቸው የእንግዳውን ቅንነት ባዩ ጊዜ ሣቁን ወደ ማስተማር ለወጡት።

ችግሩ መግባቢያ ማጣታቸው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ፖርቱጋልኛ ያውቃሉ፤ ሉዶልፍ ጣልያንኛ ይናገራል። በመጀመሪያ በቤቱ የነበረ፣ አባቱ ፖርቱጋላዊ የሆነ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ እያስተረጐመ ረዳቸው። በኋላ ግን ሁለቱ ወዳጆች ማንም ያልጠበቀውን መንገድ ያዙ፤ በራሱ በግእዝ ይነጋገሩ ጀመር። በአገራችን እንኳ በዚያ ዘመን የመጽሐፍና የቅዳሴ ቋንቋ ብቻ የነበረው ግእዝ፣ በሮም አደባባይ የአንድ ኢትዮጵያዊና የአንድ ጀርመናዊ የዕለት ንግግር ሆነ። አንዱ ስለ ውኃና ስለ እንጀራ ሲጠይቅ፣ ሌላው ከዳዊትና ከቅዳሴ ቃል እየፈለገ ይመልስ ነበር ብሎ ማሰብ ደስ ያሰኛል።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታ ከተማ በመስፍኑ በኤርንስት ቤት ሹመት አገኘ። መስፍኑ በአገራቸው ሰዎች ዘንድ ደገኛው ኤርንስት ተብለው የሚጠሩ፣ ትምህርት ቤት በማስፋፋት የታወቁ ሰው ናቸው። ጀርመን ግን በዚያ ወራት ከጥፋት ተነሥታ ገና መራመድ የጀመረች አገር ነበረች። በሃይማኖት ልዩነት ተነሥቶ ለ30 ዓመት የቆየው ጦርነት ያበቃው በ1648 ዓ.ም. ነው፤ መንደሮች ባድማ ሆነዋል፣ ብዙ ሕዝብ በሰይፍ፣ በረኃብና በቸነፈር አልቋል። መስፍኑ ጦርነቱ ሳያልቅ በ1643 ዓ.ም. ማሠራት የጀመሩት ግንብ ስሙ ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው።

መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያዊው ካህን ከሉዶልፍ በሰሙ ጊዜ ወደ ጎታ እንዲመጡ ጋበዟቸው። አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ዓ.ም. ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ወደዚህ ግንብ ደረሱ። ጊዜው በእኛ አገር ክረምቱ የሚገባበት፣ በእነርሱ ዘንድ ግን በጋ የሆነበት ወራት ነበር፤ እስከ መስከረም ድረስም ተቀመጡ። ወይና ደጋን የሰማ ሰው ያን አገር ሲያይ ልቡ ምን ይለው እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የክርስቲያን ሕዝብ በክርስቶስ ስም እርስ በርሱ ሲፋጅ በገዛ አገራቸው አውቀዋል፤ እነሆ በሌላ ዳርቻ ያው ቍስል አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። እንግዳው በክብር ተቀምጠዋል፤ መስፍኑና ሊቃውንቱ ደግሞ ይጠይቃሉ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮ፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት የማይጠይቁት አልነበረም፤ ሉዶልፍ እያስተረጐመ መልሱ ይጻፋል። ከጎታ ከሄዱ በኋላም ጥያቄው በደብዳቤ ቀጠለ።

በዚህ ስፍራ ሁለት ፈተናዎች እንግዳን ይጠብቁታል። ሁለቱም ከኀፍረት ይወለዳሉ። አንደኛው የአገሩን ድኻነትና ገበና ለመሸፈን ብሎ ያልነበረውን ነበረ ማለት ነው። ይህ ፈተና በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ከ40 ዓመት በፊት በ1610 ዓ.ም. ኡሬታ የተባለ የስፔን መነኵሴ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ተረት ነው። በተራራ ላይ በዕንቍ የተሞላ ግምጃ ቤት፣ ቍጥር የሌላቸው መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍት፣ ይህን የመሰለ ብዙ ነገር ጽፏል። አውሮፓውያን በዚህ ተደንቀው ነበርና፣ አባ ጎርጎርዮስ ዝም ብለው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ብቻ ለአገራቸውም ለራሳቸውም ታላቅ ክብር ባገኙ ነበር። የሐሰት ምስጋና ሲያቀርቡለት ይሉኝታ ይዞት ዝም የሚል ስንት አለ! እርሳቸው ግን ያዩትን እንዳዩ፣ የማያውቁትንም እንደማያውቁ ተናገሩ። ሉዶልፍ በኋላ በጻፈው ታሪክ የኡሬታን ተረት አንድ በአንድ ያፈረሰው፣ ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር የዚህን ካህን ምስክርነት ይዞ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከኋለኞቹ ዘመናት ስደተኞች ብዙዎቹን ያሸነፈውም ይህ ነው። ይኸውም ጋባዡን ደስ ለማሰኘት ብሎ የእናቱን ቤት ማንኳሰስ ነው። የሚያስተናግዱት ሰዎች ወገኖቹን ሲነቅፉ፣ እርሱ ከእነርሱ የተሻለ መሆኑን ለማሳየት ነቀፌታውን ይጨምርበታል። ጴጥሮስ በካይፋ ግቢ እሳት ሲሞቅ የያዘው ኀፍረት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ያን ሌሊት ሰይፍ የመዘዘበት አልነበረም፣ የአንዲት ገረድ ዓይን ብቻ እንጂ። ለአባ ጎርጎርዮስ ደግሞ ለዚህ ምክንያት ሞልቶ ነበር። የተሰደዱት በገዛ ንጉሣቸው ነው፤ የያዙትን ወገን አገሩ አልተቀበለውም። ቂም ይዘው ቢናገሩ የሚሰማቸው ጆሮ አላጡም፤ በሮምም ሆነ በጀርመን ኢትዮጵያውያንን በአይሁዳዊነትና በመናፍቅነት የሚከስስ ብዙ ነበረና።

ስለ ግዝረት የሚነሣውን ክስ እንመልከት። ይህ ክስ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመንም ነበረ፤ እርሳቸውም በ1555 ዓ.ም. ባወጡት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረት በእኛ ዘንድ የአገር ልማድ እንጂ እንደ አይሁድ ለመዳን የሚደረግ ሥርዓት አለመሆኑን፣ ይህም በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት ያለ መሆኑን በግልጥ አስረድተዋል። ሉዶልፍ ይህን መግለጫ አግኝቶ ለአውሮፓ አንባቢ አቅርቦታል፤ በታሪኩም መጽሐፍ ስለ እነዚህ ጉዳዮች በሚናገርበት ስፍራ ሁሉ አባ ጎርጎርዮስን ደጋግሞ ምስክር አድርጎ ይጠራል። ስለ ሥጋዌም ኢትዮጵያውያን የአውጣኪን ኑፋቄ የሚከተሉ አለመሆናቸውን፣ አምላክነቱንም ሰውነቱንም ፍጹም አድርገው የሚያምኑ መሆናቸውን ጽፏል። በተዋሕዶ ትምህርታችን መለኪያ ሉዶልፍ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው አንልም፤ የእርሱ የራሱ ወገን ሚዛን በየስፍራው ይታያል። ነገር ግን በሌሎች ጽሑፍ እንደ ግማሽ አይሁድ ይቈጠር የነበረ ሕዝብ በዚህ መጽሐፍ እንደ ጥንታዊ የክርስቲያን ሕዝብ ቀረበ። ከተሰደዱ ካህን አፍ የወጣ ቃል የእናታቸውን ቤተ ክርስቲያን አላሳፈራትም።

በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መታወስ አለበት። ጎታ የሉተር ተከታዮች አገር ናት። አባ ጎርጎርዮስ በሮም ጳጳስ እንጀራ የሚኖሩ ሰው ሆነው በሉተራውያን መስፍን ማዕድ ተቀመጡ። በሮም ያሉት በክፉ ሊያዩአቸው እንደሚችሉ፣ በጎታ ያሉትም ወደ እነርሱ ወገን እንዲያዘነብሉ እንደሚመኙ የታወቀ ነው። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከጥንታዊቱ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ጋር መገናኘትን የሚሹ ነበሩ። (ይህ ምኞት አዲስ አልነበረም፤ በ1534 ዓ.ም. ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደርሶ ከራሱ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል።) እንግዳው ግን ሉተራዊ ሆነው አልወጡም፤ ጋባዦቹም አላስገደዷቸውም። መስፍኑና ሉዶልፍ እንግዳቸውን ያከበሩት ወደ እነርሱ ስለ ተለወጡ አይደለም፣ ክርስቲያንና ሊቅ ስለ ሆኑ ነው። ሜንዴዝ በደንቀዝ ካደረገው ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚያ ክህነታቸው ተንቆ አዲስ ክህነት ተሰጣቸው፤ እዚህ ግን በካህንነታቸው ተጠየቁ፣ በካህንነታቸውም መለሱ። ይህን ስንል የሉተርን ትምህርት እያመሰገንን አይደለም፤ የእንግዳ አቀባበላቸውን እንጂ።

በመስከረም ወር ተሰነባብተው አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጣልያን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በዐይነ ሥጋ አልተያዩም። ነገር ግን ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ የአባ ጎርጎርዮስም ደብዳቤዎች በግእዝ ናቸው። ሉዶልፍ የቃሉን ትርጉም፣ የወራቱን ስም፣ የአገሩን ልማድ እየጠየቀ ይጽፋል፤ እርሳቸውም በትዕግሥት ይመልሳሉ። እነዚህ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ኖረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር ታትመዋል።

ወደ ኢትዮጵያ መመለስን ግን አልተዉም። ያባረራቸው አገር እንዴት እንደሚቀበላቸው አያውቁም፤ ዐፄ ፋሲለደስ ገና በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ከሮም የመጣ ካህን በወደቦቹ ቢያዝ ሕይወቱ ያሠጋል። እንደዚህም ሆኖ ተነሡ። በ1658 ዓ.ም. በሶርያ ጠረፍ እስክንድሮና በምትባለው ወደብ አጠገብ የተሳፈሩባት መርከብ ተሰበረችና ሰጠሙ። የመካነ ሥላሴን አፈር ሳያዩ፣ በአገራቸው ሰዎች ፊትም ቆመው ሳይከስሱና ሳይከሰሱ ቀሩ። የዚህ ነገር ፍርድ የሰው አይደለም።

ሉዶልፍ ከወዳጁ ሞት በኋላ 46 ዓመት ኖረ። የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ዓ.ም. በለንደን ታተመለት፤ ሥራውን የተቈጣጠረው ደቀ መዝሙሩ ቫንስሌብ ነበር። መስፍን ኤርንስት ይህንኑ ሰው በ1663 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ላኩት፤ እርሱ ግን ከግብፅ ሳያልፍ ቀረ፣ በኋላም በሮም የዶሚኒካውያንን ምንኵስና ያዘ። በ1681 ዓ.ም. የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1691 ዓ.ም. የዚያ ታሪክ ማብራሪያ ወጣ፤ የአባ ጎርጎርዮስም መልክ በመዳብ ተቀርጾ ታትሟል። በ1698 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ አማርኛንም የተማረው በመጀመሪያ ከእኒሁ ካህን ነው። ስለዚህ የአማርኛ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገበ ቃላት መልክ በፍራንክፈርት ከተማ ሲታተሙ፣ በውስጡ ብዙው የመካነ ሥላሴ ሰው አነጋገር ነበረ፤ እርሳቸው ከሰጠሙ ልክ 40 ዓመት ሆኗቸው።